የታደሰ እንስራ

እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃ ማለት በእኛ በጉለሌዎች ቋንቋ አንድ ቀን ይመጣል፣ ከዚያ እስኪያዝንልን ድረስ ይጠፋል ማለት ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቧንቧው ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ ሳይል ከርሞ አንድ ከሰዓት እያጉረመረመ መጣ። ባለቤቴ አስካለ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ አሰለፈች። ጀሪካኑ ሞላ፣ ባልዲው ሞላ፣ ድስቱም ሞላ። በመጨረሻ ጓዳ ጥግ ስንት ዘመን አቧራ ለብሳ የኖረችውን ትንሽ የሸክላ እንስራ አውጥታ አጠበቻትና እሷንም ሞላቻት። እኔ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ሽታው እዚያ ድረስ መጣ። ደረቅ ሸክላ ውኃ ሲነካው እንዴት እንደሚሸት የማያውቅ ሰው የመጀመሪያው ዝናብ የወረደበትን አፈር ያስታውስ። እኔን ግን ሽታው ይዞኝ የሄደው ወደ ድሮው የአሰብ መንገድ ነው።

«ምነው ፊትህ ተለወጠ?» አለችኝ አስካለ።

«ምንም» አልኳት። ሽማግሌ ምንም ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እሷም ይህን ታውቃለች፣ ግን ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ሁሉንም አይጠይቅም። የእንስራዋን ነገር ደግሞ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ነግሬያት አላውቅም። «ከመንገድ ያመጣኋት ናት» ብያት ነበር፣ እሱም ውሸት አይደለም።

ያኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ዛሬ ሾፌር ሲባል ሰው አፉን ያጣምማል። በዚያን ዘመን ግን የአሰብ መስመር ሾፌር በሰፈሩ ትንሽ ንጉሥ ነበር። ኤንትሬ የምንላትን መኪና ከነተሳቢዋ እነዳለሁ። ካኪ ሱሪ፣ ነጭ ካናቴራ፣ አንገት ላይ ጣል የተደረገ ፎጣ፤ ከባቲ ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ ሱሪው ይወልቅና ሽርጥ ይታጠቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። ደብረ ሲና ስንደርስ ሴቶቹ ቆሎውን በስኒ እየሰፈሩ በመስኮት ያቀብሉናል፤ አንዱ ስኒ አምስት ሳንቲም ነበር፣ የሚያውቁህ ከሆነ ምርቃት ይጨምሩልሃል። ኮምቦልቻ ይታደራል። ከሚሌ ወዲያ ያለው ግን መንገድ አይባልም፣ ምድጃ ነው። መሪውን በባዶ እጅ መያዝ አይቻልም፣ ፎጣው ለዚህ ነበር። ስመለስ ተምርና ሽቶ፣ የገላ ሳሙናና ሽርጥ ይዤ ነው። ሩፋኤል አጠገብ ካለው ጋራዥ ልገባ ስል ጡሩምባዬን ሁለት ጊዜ ረዘም፣ አንድ ጊዜ አጠር አድርጌ እነፋለሁ። ዛሬ እንደዚያ ባደርግ የሚቀጣኝ አይጠፋም። ያኔ ግን ጡሩምባውን የሰማ ሁሉ በቀለ ገባ እያለ ከቤቱ ይወጣ ነበር። ከመንገድ መመለስን የመሰለ ነገር የለም፤ አቧራህን ሳታራግፍ ሰው አንገትህ ላይ ይጠመጠማል።

ከሚወጡት መካከል አንዷ እማማ ብርቄ ነበሩ። ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ገደላማ መንደር፣ ሸክላ እየሠሩ ይኖሩ ነበር። እማማ የምለው ዛሬ ነው። ያኔ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ብርቄ፣ አንቺ፣ ነበር የምላቸው፤ በዕድሜ እናቴ ሲሆኑ። ሸክላ ሠሪ ስለሆኑ ማንም እርስዎ አይላቸውም። ድስታቸውን ገዝተን ወጣችንን እንሠራበታለን፣ እጃቸው የነካውን እህል ግን አንቀምስም። ዓይናቸውን እንፈራለን። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ቢሆንም ያልነበረ አስመስዬ ላልፈው አልችልም። አሁን እርስዎ ብላቸው ለማን እንደሚጠቅም እንጃ።

ዘመድ አልነበራቸውም። ከመንዝ በልጅነታቸው ብቻቸውን የመጡ ናቸው፤ ያላቸው አንድ ልጅ፣ ታደሰ፣ አሰብ ወደብ ወርዶ ኩሊ ሆኗል። አንድ ቀን መኪናዬ አጠገብ መጥተው ቆሙና ያቺን እንስራ ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ከወትሮው እንስራ ያነሰች፣ አንገቷ ቀጠን ያለች ናት። «አሰብ ውኃው ይፈላል አሉ» አሉኝ። «በዚች ከተቀመጠ ይቀዘቅዝለታል። ሳትሰበር ታደርስልኛለህ?» በጆንያና በጭድ ጠቅልዬ ከወንበሬ ኋላ አስቀመጥኳት፣ ሳትሰበርም ደረሰች። ታደሰ ተቀበለኝና ውኃ ሞላት። ከመጠጣቱ በፊት አፍንጫውን አፏ ላይ ደፍቶ ብዙ ቆየ። ላብ በላብ የሆነ፣ ትከሻው በጆንያ የተላጠ ጎረምሳ ነው። «ቤታችን እንዲህ ነው የሚሸተው» አለኝ። ሳቀብኝም፤ ምናልባት ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይቶ ይሆናል።

በሦስተኛው ጉዞዬ እናቱ የላኩትን ቋጠሮ ይዤ ኩሊዎቹ የሚያድሩበት ቆርቆሮ ቤት ስደርስ ታደሰ አልነበረም። አብሮት የሚያድር አንድ የወሎ ሰው ምንጣፉን እያጠፈ ነበር። «ትኩሳት ነው» አለኝ። «ሦስት ቀን አልሞላውም። ቀብረነዋል።» ከዚያ እንስራዋን ከጥግ አንስቶ ሰጠኝ። «እናቱን አንተ አርዳልን። ከአንተ ሌላ እዚህ የሚያውቃት የለም።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

በእኛ ዘንድ መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው። ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ባለሐዘኑ ገና እህል ሳይቀምስ በሩ ይንኳኳል። በሩን የከፈተ ሰው ነጠላውን ያዘቀዘቀ ጎረቤት ቆሞ ሲያይ፣ ማንም ሳይናገር ያውቀዋል። መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው የለም። አንዱ ይናገራል፣ የቀሩት የሚመጡት ለመያዝ ነው፤ ሰው ራሱን ሲጥል የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ደግሞ ሩፋኤል የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ብቻዬን፣ በቀን ብርሃን። ጡሩምባዬን አልነፋሁም። እሳቸው ግን ጋራዡ በር ላይ ቆመው ነበር። ገና ከመኪናው ሳልወርድ፣ ሳይጠይቁኝ፣ «ደህና ነው፤ ሰላም በሉልኝ ብሏል» አልኳቸው። ዓይኔ መሬት ላይ ነበር። «ተመስገን» አሉና ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

ነገ በጠዋት ሰው ይዤ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። በዚያው ዕለት ማታ የእድራችን ዳኛ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ጨዋና ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ሴትዮዋ እድራችን ውስጥ የለችም» አለኝ። «የራሷ ሰዎች ይንገሯት።» በማግሥቱ ቀጨኔ ወርጄ ሸክላ ሠሪዎቹን አማከርኩ። እነሱም አዘኑ። አንደኛዋ ግን «ፍልሰታ ገባ እኮ። ጾሙን ትጨርስ፣ ሰው እናፈላልግና እንነግራታለን» አለች። ይህም ወግ ነው፤ በጾምና በዓውደ ዓመት ሰው ላይ መርዶ አይጣልም። እኔም ቀለለኝ። ጾሙ ሳይፈታ እንደገና ጭነት ተጫነልኝ፤ ልነሳ ስል እማማ ብርቄ ቋጠሮ ይዘው መጡ። ምን ልበል? ተቀበልኳቸው። ከተቀበልኩት በኋላ ደግሞ መንገሩ የባሰ ከበደ፤ መርዶው ላይ ውሸቴም ተጨመረበት። የቀጨኔዎቹም ነገሩን በእኔ ላይ ተውት፣ እኔም በእነሱ ላይ። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሄደ።

አራት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው ስንቅ አመላለስኩ። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ጊዜ ለብርድ ይሁንህ ተብሎ የተሠራ የሱፍ ሹራብ፤ አሰብ ሌሊት እንኳ ብርድ እንደሌለ የነገራቸው አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቋጠሮዎች ጣርማ በር ላይ ሳልፈታ ወደ ገደሉ ወረወርኳቸው። ልብላው አልል፣ እፈራለሁ። ለሰው ልስጠው አልል፣ ማን ሠራው ቢሉኝ ምን እላለሁ። ሦስተኛው ላይ ከሚሌ ወዲያ ፍሬን ተበላሽቶብኝ ሁለት ቀን በረሃ ላይ ቆምኩ። ስንቄ አለቀ፣ ራቡ ጠናብኝ፣ ቋጠሮውን ፈታሁት። በሶውን በእሳቸው እንስራ ውኃ በጥብጬ ጠጣሁ። ምንም አልሆንኩም። ሆዴ እንኳ አልጮኸም። መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ለታደሰ ይሁን ለእናቱ ወይስ ለራሴ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ቋጠሮ ሁሉ እኔ በላሁት። ውኃዬንም ያን ሁሉ በረሃ የጠጣሁት በታደሰ እንስራ ነው። ሌላው ሾፌር ለብ ያለ ውኃ እያማረረ ሲጠጣ የኔ ጥርስ ያሳምም ነበር።

መንገዱ ግን መረረኝ። ድሮ የምወደው መሄዱን ሳይሆን መመለሱን ነበር፤ አሁን መመለሱ እንደ ቅጣት ሆነብኝ። ሰንዳፋን አልፌ የከተማዋ ጭስ ሲታየኝ ፍጥነት እቀንሳለሁ። አንዳንዴ ጭነት አለ እያልኩ ኮምቦልቻ ላይ ያለ ሥራ ሁለት ቀን እቀመጣለሁ። ሽቶውንም ተምሩንም ማምጣት ተውኩ። እናቴ «ይሄ ልጅ አንድ ነገር አስነክተውታል» እያለች ጠበል ትረጨኝ ነበር። ጋራዡ በር ላይ እማማ ብርቄ ይቆማሉ። «ደህና ነው፤ ሰላም በሉልኝ ብሏል።» «ከሳ?» «ኧረ አልከሳም።» «ሚስት አገባ?» «እያሰበ ነው።» ሰው የሞተን ልጅ ይድራል? እኔ ልድረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። አገር ሁሉ ወደቡ ቀረ ብሎ ሲያዝን እኔ በስውር እፎይ አልኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። አንድ እሑድ ቀጨኔ ወርጄ ነገርኳቸው። እሳቸው ጭቃ እየረገጡ ነበር፣ እግራቸው እስከ ጉልበቱ ቀይ ሆኗል። «መንገዱ ተዘግቷል። ከእንግዲህ መላክ አይቻልም፤ መልእክትም አይመጣም» አልኳቸው። መርገጣቸውን አላቋረጡም። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እንግዲህ እንስራዋ አንተው ጋ ትቅር» አሉኝ።

እንስራዋ እኔ ጋ መሆኗን ነግሬያቸው አላውቅም። ማን ነገራቸው? አይተዋት ይሆን? ከወንበሬ ኋላ በጆንያ ሸፍኜ ነበር የማስቀምጣት። ካወቁስ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት? ያን ጊዜ እግራቸው ላይ ወድቄ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። «እሺ» ብዬ ያን ዳገት እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ወጣሁት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። ሰው አሥራ አምስት አይሞላም ነበር፣ ሁሉም እጃቸው የተሰነጣጠቀ ሴቶች ናቸው። አንዷ ስታለቅስ «ልጅሽን ሳታለቅሺለት» አለች። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ እዚህ ደረቴ ላይ አለች። እውነት ነው፤ ድንኳን አልተጣለላቸው፣ ሰው አልተቀመጠላቸው፣ ፊታቸውን አልነጩ፣ ጮኸው አላለቀሱ። እኔ ያዘንኩላቸው መስሎኝ ለቅሶአቸውን ሰረቅኋቸው።

ይህ ሁሉ ነው እንግዲህ በረንዳ ላይ በአንድ ሽታ የመጣብኝ። ዛሬ ጋራዡም የለም፣ መንገዱ ሰፍቶ መብራትና አበባ ቆሞበታል። ኤንትሬም የለች። እኔም ከበረንዳው እስከ በሩ ለመሄድ በትር እይዛለሁ። የቤቱ መንገደኛ ልጃችን ሄኖክ ሆነ። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከከተማ ወጣ ባለ መንደር ትንሽ ሱቅ ነበረችው። በየእሑዱ ይደውል ነበር። ከሰኔ ወዲህ ግን ስልኩ አይነሳም። አስካለ ስልኳን ቻርጅ አድርጋ፣ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ፣ መጸዳጃ ቤት እንኳ ይዛው ትገባለች። «ኔትወርክ ነው» ትላለች። እኔም «ኔትወርክ ነው» እላለሁ።

እንስራዋ በታጠበች በሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ዳዊት መጣ። ዳዊት የታች ጎረቤታችን ልጅ ነው፣ እዚያው ሄኖክ ባለበት አገር ይነግዳል፣ ለእህቱ ሠርግ ነበር የመጣው። ገና ጫማውን ደጃፉ ላይ ሳይጠርግ፣ ማናችንም ሳንጠይቀው፣ «ሄኖክ ደህና ነው፤ ሰላም በሉልኝ ብሏል» አለ።

ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

አስካለ ጉንጩን ደጋግማ ሳመችው። «ተመስገን፣ ተመስገን። ስልኩስ ምን ሆነ ልጄ?»

«ተሰርቆበት ነው እትዬ። እ... ማለቴ፣ አዲስ መስመር እስኪያወጣ ነው።»

«ከሳ?»

«ኧረ አልከሳም።»

ከእንስራዋ ቀድታ ውኃ ሰጠችው። «ቀዝቃዛ ነው፣ ጠጣ፣ ደክሞሃል። መቼ ነው የምትመለሰው? ሐሙስ? በል ተቀመጥ፣ የምትይዝለት ነገር አለች» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እግሯ ሲፈጥን ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ሽሮ ስትሰፍር፣ ቋንጣ ስታወርድ፣ ፌስታል ስታንኮሻኩሽ ይሰማኛል። ዳዊት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ውስጡን ያያል። አንድ ጉንጭ እንኳ አልጠጣም። ደህና የሆነን ሰው ሳይጠየቁ ደህና ነው አይሉም፤ ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ጉለሌ ውስጥ የለም። ልጄ ሞቷል። ለአንድ አፍታ ግን፣ እግዜር ይይልኝ፣ ዝም ልበል ብዬ አሰብኩ። ቋጠሮውን ይውሰድ፣ ሐሙስ ይሂድ፣ እሷም ትስፈር፣ ትቋጥር፣ በዓመት በዓመት ትላክ። ደስ ብሏታል እኮ። ከዚያ የሸክላው ሽታ ከብርጭቆው መጣብኝ፤ ያቺ የቀብሩ ሴት ቃልም አብራ መጣች።

«ዳዊት» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አቤት ጋሼ።»

«ነገ በጠዋት ና። ብቻህን አትምጣ። እናትህን ይዘህ ና፣ ለእድሩ ሰዎችም ንገራቸው። አስካለ እህል ሳትቀምስ ድረሱ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እንዴት ብዬ ብቻዬን... እትዬን ሳያቸው...»

«አውቃለሁ» አልኩት። «እኔም ብዬው አውቃለሁ። አሁን ሂድ፣ እንዳታይህ።»

ተነስቶ ሄደ። የግቢው በር ሲዘጋ ሰማሁ። እንባዬን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁ፣ የቀረውን ለጠዋት አቆየሁት። አስካለ ቋጠሮዋን በሁለት እጇ አቅፋ ከጓዳ ወጣች፣ ባዶውን ወንበር አየች።

«ውይ፣ ረስቶት ሄደ እኮ! ጥራው እንጂ።»

«ተይው፣ ነገ በጠዋት ይመጣል» አልኳት።

«እንኳን ረሳው» አለች። «በርበሬ አሳንሼበት ነበር።» ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ቋጠሮውን እንደገና ፈታችው።